እንጨት የሚገዛው በሚያዝያ ነው

ይህን የምጽፈው ወደ ፈረንሳይ ገጠር ለመምጣት ጓዛቸውን ለሚሸክፉ ወገኖቼ ነው። ፓሪስና ሊዮን ያሉ ዘመዶች የሚሰጧችሁ ምክር ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እነሱ ዘንድ ሜትሮ አለ፣ የሐበሻ ሱቅ አለ፣ ቋንቋ ቢያቅታችሁ የሚያስተረጉም ሰው አይጠፋም። እኔ የምኖረው በደቡብ ፈረንሳይ፣ ጋርድ በሚባለው አውራጃ፣ የሴቬን ተራሮች ከሜዳው ጋር በሚገናኙበት ቦታ ነው። መንደራችን ከአንዱዝ ከተማ በመኪና ሃያ ደቂቃ ይርቃል። ባለቤቴ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ተዋውቀን ተጋባንና በትዳር ቪዛ መጣሁ። አሁን አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

የደረስኩት በጥቅምት መጨረሻ ነበር። ደቡብ ፈረንሳይ ሲባል እኔ የሚታየኝ ፀሐይና ባሕር ብቻ ነው። ቤታችን ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር የድንጋይ ቤት ነው፤ በበጋ እንደ ዋሻ ቀዝቃዛ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ አጥንት የሚሰብር። ማሞቂያው ሳሎን ያለው የብረት ምድጃ ብቻ ነው። ቶሎ ብለን አራት ስቴር እንጨት አዘዝን። ስቴር የሚባለው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የተደረደረ እንጨት ነው። በዚያ ሰሞን ደረቁ ሁሉ ተሽጦ አልቆ ስለነበር የመጣልን እርጥብ ነው። ምድጃው ያጨሳል እንጂ አይሞቅም፤ የበሩ መስታወት በአንድ ሌሊት ጠቆረ።

ጎረቤታችን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ጭሱን አይተው መጡ። ከክምራችን ሁለት ፍልጥ አንሥተው አጋጩና «ይስሙ» አሉኝ። ድፍን ያለ፣ የታፈነ ድምፅ። ከራሳቸው ክምር ሁለት አምጥተው ደግሞ አጋጩ። እንደ መረዋ ጠራ። ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ የተሰነጣጠቀውን እያሳዩኝ ጥሩ የባሉጥ እንጨት ከተፈለጠ በኋላ ሁለት በጋ መድረቅ እንዳለበት፣ ከላይ ተከድኖ ጎን ለጎኑ ነፋስ ሊያገኘው እንደሚገባ አስረዱኝ። ከዚያ «እንጨት የሚገዛው በሚያዝያ ነው» አሉና ሄዱ። ማታ በጋሪ ሙሉ ደረቅ እንጨት በራችን ላይ አገኘን።

ያ ቃል ለእንጨት ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። እዚህ አገር ገጠር ሁሉም ነገር አንድ ወቅት ቀድሞ ይሠራል። እኛም «ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን፤ እዚህ ግን ወረቀቱም፣ ሐኪሙም፣ መንጃ ፈቃዱም የሚሄደው በዚሁ ነው። እኔ በየተራው ዘግይቼ ነው የተማርኩት፤ እናንተ እንዳትዘገዩ የገጠመኝን ልንገራችሁ።

ከወረቀቱ ልጀምር። በረጅም ጊዜ ቪዛ የገባ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ቪዛውን በኢንተርኔት ማጽደቅ አለበት። ቀጥሎ ኦፊ የሚባለው የውጭ ዜጎችን የሚያስተናግድ መሥሪያ ቤት ይጠራል፤ የቋንቋ ፈተና አለ፣ አራት ቀን የሚፈጅ ስለ አገሩ ሕግና አኗኗር የሚሰጥ ትምህርት አለ። የመኖሪያ ካርድ የሚታደሰው ሊያልቅ ከአራት እስከ ሁለት ወር ሲቀረው በማመልከት ነው። የቋንቋውንም ነገር አትናቁት፤ በፈረንጆቹ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የብዙ ዓመት ካርድ ለመጠየቅ ኤ2 የሚባለው፣ ከጀማሪ አንድ ከፍ ያለው የፈረንሳይኛ ደረጃ ይጠየቃል።

እኔን ለወራት ያንገላታኝ ግን ቪዛው አይደለም፣ የልደት የምስክር ወረቀቴ ነው። የተወለድኩት ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 1987 ማለት ነው። ወረቀቴን የተረጎመልኝ ሰው ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀይር፣ ነሐሴንም አሥራ ሁለተኛ ወር ነው ብሎ በቁጥር አስቀመጠው። እዚህ የጤና ዋስትና ቁጥር ሲሰጥ የመጀመሪያው አኃዝ ለወንድ 1 ለሴት 2 ነው፤ ቀጥሎ የልደት ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ውጭ አገር ለተወለደ ሰው ደግሞ 99 ይከተላል። የኔ 2 87 08 99 ብሎ መጀመር ሲገባው 2 79 12 99 ብሎ መጣ። ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ያን ቁጥር ሳየው ደነገጥኩ፤ ከፓስፖርቴ ጋር የማይገጥም ሌላ ሴት ሆኛለሁ። ለማስተካከል ሰባት ወር ፈጀብኝ። በዚያ መሀል ሐኪም ጋ ስሄድ ሙሉውን ከኪሴ እየከፈልኩ፣ ቡናማውን የሕክምና ቅጽ በካርቶን ውስጥ እየሰበሰብኩ ቆየሁ።

ስለዚህ ከአገር ሳትወጡ የልደትና የጋብቻ ወረቀታችሁን አስወጥታችሁ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፉን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ትርጉሙን እዚህ ፍርድ ቤት በተመዘገበ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ አሠሩ። ስምንም በተመለከተ አንድ ነገር አስቡበት፤ የቤተሰብ ስም ለሚለው መልስ የለንም። የአባቴ ስም የቤተሰብ ስሜ ተደርጎ ተመዘገበ፤ በየመጠበቂያ ክፍሉ የምጠራው በአባቴ ስም ነው። መጀመሪያ ላይ ሲጠሩኝ ዞር ብዬ አባቴን የምፈልግ ያህል ነበር፤ አሁን ደስ ይለኛል። ዋናው ነገር በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መሆኑ ነው። አንዷ ፊደል ከተለወጠች ጣጣ ነው።

ኮምፒውተርና ቋንቋ ለሚያስቸግራችሁ ፍራንስ ሰርቪስ የሚባሉ ቢሮዎች በየትንንሹ ከተማ አሉ። አገልግሎቱ በነፃ ነው። የኔን ቁጥር ያስተካከለችልኝ እዚያ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ሦስት ጊዜ አብራኝ ስልክ ደወለች። የመንደሩን ሜሪ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱን፣ ከሁሉ በፊት ሄዳችሁ ተዋወቁ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚከፈት ቢሆንም ጸሐፊዋ የማታውቀው ጉዳይ የለም፤ የትኛው ሐኪም ጡረታ እንደሚወጣ፣ ማን ቤት እንደሚያከራይ፣ ማን የሚያግዘው ሰው እንደሚፈልግ ትነግራችኋለች።

ስለ ቤት ኪራይ ካነሣሁ፣ በመስከረም ርካሽ ቤት አገኘን ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ መቼ እንደሚያልቅ አንብቡ። ብዙ ባለቤቶች ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ ያከራዩና በበጋ ለቱሪስት በሳምንት ሒሳብ ይሰጡታል። ምድጃ ካለ የጭስ ማውጫው በየዓመቱ ተጠርጎ ወረቀት ሊሰጣችሁ ይገባል፤ እሳት ቢነሣ ኢንሹራንሱ ያንን ወረቀት ነው የሚጠይቀው።

መኪና የሌለው ሰው እዚህ እግር የለውም። አውቶቡስ አለ፤ ግን ጠዋት ተማሪ ይዞ ይሄድና ማታ ተማሪ ይዞ ይመለሳል፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ይሳሳል። የአገራችሁ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው መኖሪያችሁ እዚህ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ነው። እኔ ይህን የሰማሁት በአሥራ አንደኛው ወር ነው። ከዚያ እንደ አዲስ ልማር ተገደድኩ፤ የጽሑፉ ፈተና አርባ ጥያቄ ነው፣ ሠላሳ አምስቱን መመለስ ግድ ነው፣ በፈረንሳይኛ። የመንዳት ትምህርቱ በእጅ ማርሽ መኪና ቢያንስ ሃያ ሰዓት ነው። ስለዚህ በደረሳችሁ በመጀመሪያው ወር ማጥናት ጀምሩ። አንድ የመንደር ሕግ ደግሞ አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ ምልክት በሌለበት መጋጠሚያ ከቀኝ የሚመጣው ይቀድማል፣ ያ ቀኝ የአንድ ጠባብ ቅያስ አፍ ቢሆንም።

ፈተናውን እስካልፍ ድረስ ያዳነችኝ ቯቱሬት የምትባለዋ ትንሽ መኪና ናት። በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ አትሄድም፤ በፈረንጆቹ ከ1988 በፊት የተወለደ ሰው ያለ ምንም መንጃ ፈቃድ ሊነዳት ይችላል። እኔ ከዚያ ገደብ የተረፍኩት በአራት ወር ልዩነት ነው። ታዲያ ያ የልደት ቀን እንደገና ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው! ያገለገለች ገዝተን ሥራ የጀመርኩት በሷ ነው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው መርዳት። ገጠሩ በሽማግሌና በአሮጊት የተሞላ ስለሆነ ይህ ሥራ አይጠፋም። የወይን ለቀማው በነሐሴና በመስከረም፣ የወይራው በኅዳር ይመጣል፤ ግን ዓመት ሙሉ የሚያኖረው የእርዳታው ሥራ ነው።

ሐኪም ሳትታመሙ ፈልጉ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሐኪም ማስመዝገብ አለበት፤ ካላስመዘገበ ከሚከፍለው የሚመለስለት ሠላሳ በመቶው ገደማ ብቻ ነው፣ ካስመዘገበ ግን ሰባ በመቶው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ጊዜ መታየት 30 ዩሮ ነው። ችግሩ ሐኪሙ ራሱ አይገኝም፤ እኔ አምስት ቦታ ደውዬ አምስቱም «አዲስ ታካሚ አንቀበልም» አሉኝ። ያገኘሁት በመድኃኒት ቤቷ ባለቤት በኩል ነው፤ አዲስ ሐኪም አሌስ ላይ ሊከፍት መሆኑን ሰምታ ስሜን አስቀድማ ሰጠችልኝ። ለድንገተኛ ነገር 15 ይደወላል። መንደር ውስጥ ቀድመው የሚደርሱት የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ቧንቧ ሠሪው፣ የምታውቁት ሰው ነው ደንብ ልብስ ለብሶ የሚመጣው። ከዚያው ጋር፣ በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሳይረን ሲጮህ አትደንግጡ፤ ሙከራ ነው። እኔ ከጠረጴዛ ሥር ገብቼ ለእናቴ ደውዬ አልቅሻለሁ። ከጦርነት ቀጣና የመጣ ሰው ካለ ከወዲሁ ይወቀው።

አሁን ስለ ሰላምታ። አዲስ አበባ አሊያንስ የተማርኩት ፈረንሳይኛ ጥሩ ነው ብዬ ነበር፤ እዚህ ግን «ፓን» (ዳቦ) «ፓኝ»፣ «ዱማን» (ነገ) «ዱማኝ» ይሆናል። ጆሮ እስኪለምድ ሁለት ወር ይበቃል። የበለጠው ነገር ቦንዡር ነው። ዳቦ ቤት ገብቼ «አንድ ባጌት እባክዎ» ስል ሻጯ ዝም ብላ አይታኝ «ቦንዡር» አለች፣ ረገጥ አድርጋ። ጥያቄው ከሰላምታ በፊት መጥቶባት ነው። ሐኪም ቤት መጠበቂያ ውስጥ ስትገቡ ለተቀመጠው ሁሉ፣ መንገድ ላይ ለምታገኙት ሁሉ ቦንዡር በሉ። እንደኛ ደጋግሞ «እንደምን ከረማችሁ» የለም፤ አንዷን ቃል ግን መዝለል ነውር ነው። በዚህ አካባቢ የተዋወቀ ሰው እንደኛው ሦስት ጊዜ ነው የሚሳሳመው፤ ይህን ሳውቅ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ቩ እና ቱ እንደኛ እርስዎና አንተ ናቸው፣ አጠቃቀሙ ግን አይገጥምም። እኚያ ባልቴት ገና ሕፃን ልጃቸው የምሆነውን እኔን አንድ ዓመት ሙሉ እርስዎ ሲሉኝ እያፈርኩ ነበር። እዚህ እርስዎ መባል ለዕድሜ ብቻ አይደለም፣ ለመቀራረቡም መጠን ነው። ወደ አንቺ የሚለውጠው ታላቁ ነው፤ እስኪጠይቅ ጠብቁ። ሌላው፣ ሳይቀጥሩ ሰው ቤት አይኬድም። «ብቅ በዪ» ማለት የአገራችንን «ብቅ በዪ» አይደለም፤ ቀንና ሰዓት ይፈልጋል።

እኔ ሰዉን ያገኘሁት በቡና ነው። አንድ ቅዳሜ ቡና ስቆላ የጭስ ጠቋሚው መጮህ ጀመረ፤ በሕግ በየቤቱ መኖር ያለበት መሣሪያ ነው። የጎረቤቶቻችን ሁለት በሮች ተከፈቱ። «እሳት አይደለም፣ ቡና ነው» አልኩና ግቡ አልኳቸው። እስከ ሦስተኛው ጀባ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በአራት ሰዓት የማይቀር ቀጠሮ ሆነ፤ መስኮት ግን እከፍታለሁ።

ምግቡ ሁሉም ይገኛል። ጤፍ ዱቄት የተፈጥሮ ምግብ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ አለ። ችግሩ እርሾው ነው፤ በድንጋይ ቤት ብርድ ኩፍ አይልም። ሊጡን ማታ ከምድጃው ክንድ ያህል አርቄ በፎጣ ጠቅልዬ አሳድረዋለሁ፤ በበጋ ሁለት ቀን የሚበቃው በጥር አራት ይፈልጋል። የሴቬን ጣፋጭ ሽንኩርት ስሙ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ለወጥ አይሆንም። ውሃው ብዙ ነው፣ ሲቁላላ ስኳሩ ወጥቶ በርበሬውን ያጣፍጠዋል። ሐሙስ አንዱዝ ገበያ ላይ ኤሻሎት የሚባለውን ትንሹን ገዝታችሁ ከተራው ቀይ ሽንኩርት ጋር ቀላቅሉት፤ የኛን ይመስላል። ለጾም ይህ አገር የተባረከ ነው፦ የወይራ ዘይት፣ ሽንብራ፣ ምስር፣ ሻተኝ የሚባለው የዛፍ ፍሬ። የሻተኝን ዛፍ የዱሮ ሰዎች «የዳቦ ዛፍ» ይሉታል፤ ስንዴ በማይበቅልበት ተራራ ሕዝቡን ያኖረ እሱ ነው። ይህን ስሰማ የደቡቡ እንሰት ትዝ አለኝ።

የሥጋው ነገር አሳስቦኝ ነበር። ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ የአደን ወቅት ነው። እሑድ ጫካ መሄድ ካለባችሁ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ልበሱ። አንድ አዳኝ ጎረቤት የዱር አሳማ ጭን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። እዚህ ይህ ትልቅ ክብር ነው። በእምነቴ እንደማልበላው ፊት ለፊት ነገርኩት፤ ይቀየመኛል ብዬ ልቤ ይመታ ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና «ገባኝ፣ እኛም በሃይማኖት ምክንያት የታሰሩ አያቶች አሉን» አለኝ። በማግስቱ እንቁላል አመጣ። የሴቬን ሰው ብዙው የፕሮቴስታንት ዘር ነው። በ1685 ንጉሡ እምነታቸውን ከከለከለ በኋላ አያቶቻቸው ለመቶ ዓመት ያህል በዋሻና በጫካ ተደብቀው ሲጸልዩ ኖረዋል፣ ከ1702 እስከ 1704 ደግሞ ተዋግተዋል። ባልቴቷ ሚያሌ ያለውን ሙዚየም አሳዩኝ፤ ማሪ ዱራን የምትባለው ሴት እምነቷን ባለመካዷ ኤግ-ሞርት ከተማ ባለው ግንብ ውስጥ 38 ዓመት እንደታሰረች ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ። እንደዚህ ያለ ሕዝብ መሀል ጾማችሁን አትደብቁ።

ዝናቡን ግን ፍሩ። በዚህ ብቻ ቀልድ የለም። ከመስከረም ጀምሮ ከሜዲትራኒያን የሚነሣው ሞቃት እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲመታ የወር ዝናብ በሰዓታት ይወርዳል። በፈረንጆቹ መስከረም 2002 አንዱዝ ላይ በአንድ ቀን ከ600 ሚሊ ሜትር በላይ ጣለ፤ አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ያህል ነው። በበጋ ድንጋይ እየረገጣችሁ የምትሻገሩት ጋርዶን ወንዝ ያን ጊዜ ቤት ይወስዳል። ለዚህ ዓይነቱ ሙላት ጋርዶናድ የሚል የራሱ ስም አለው።

በሁለተኛው ዓመቴ በጥቅምት፣ ከአንዲት አረጋዊት ቤት ሥራ ጨርሼ ስመለስ ዝቅተኛው ድልድይ ጋ ደረስኩ። ውሃው ድልድዩ ላይ ገና ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ቀለሙ ግን ሻይ በወተት ሆኗል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆሜ ሳመነታ ስልኬ ጮኸ። ባልቴቷ ናቸው። «የት ነሽ? አትሻገሪ። ባለሽበት እደሪ።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ያሉኝ ያን ዕለት ነው። ተመልሼ ከአረጋዊቷ ዘንድ አደርኩ። ጠዋት ድልድዩ አይታይም ነበር፣ በላዩ የሚያልፈው ግንድ ብቻ። ጉልበት የማይደርስ ውሃ መኪና ይገፋል። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱን የሜቴዎ-ፍራንስን የማስጠንቀቂያ ቀለም በየጠዋቱ እዩ፤ ብርቱካናማ ከሆነ አትንቀሳቀሱ፣ ቀይ ከሆነ ወደ ላይኛው ፎቅ ውጡ፣ ልጆቻችሁንም ለማምጣት ወደ ትምህርት ቤት አትሩጡ። መምህራኑ ይጠብቋቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የካቲት ነው። በነሐሴ መንደሩ በቤልጂግና በሆላንድ ሰው ይሞላል፤ በየካቲት ግን ከሃያ ስምንቱ ቤት መብራት የሚታየው ዘጠኙ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በዚያ ጨለማ ውስጥ በስልክ ብቻ ነበር የምኖረው፤ ቀን ከሌት ከአገር ቤት ወሬ ጋር። አካሌ እዚህ፣ ልቤ እዚያ ሆኖ ታመምኩ። ይህም ቢሆን መፍትሔው በመስከረም ነው የሚዘጋጀው። በየከተማው በመስከረም መጀመሪያ የማኅበራት ቀን አለ፤ መዘምራን፣ የስፌት ቡድን፣ የፈረንሳይኛ ትምህርት፣ ሁሉም ጠረጴዛ ዘርግቶ ይመዘግባል። አንዱ ላይ ስማችሁን አስጽፉ፣ ባትወዱትም። እኔ መዝሙር አላውቅም ብዬ ነው የገባሁት፤ አሁን ማክሰኞ ማታ ባልሄድ ሦስት ሰው ይደውልልኛል።

ባልቴቷ ዘንድሮ ወገባቸው ስለታመመ እንጨት መደርደር አይችሉም። በሚያዝያ ስድስት ስቴር አዘዝን፤ ሦስቱ የሳቸው ነው። እኔ ስደረድር እሳቸው ወንበር አውጥተው ተቀመጡና ከየጭነቱ ሁለት ሁለት ፍልጥ እያስመጡ አጋጩ። አራተኛው ላይ ራሳቸውን ነቅንቀው «ይሄን ለዪው» አሉኝ። እሱ ለከርሞ ነው።